ባክቴሪያ የሚራባው እንዴት ነው? የሚሞተውስ? በሪያድ ቤት ለምትሠሪ እህቴ

እ.ኤ.አ. በ2024 በሚያዝያ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2016) ሪያድ ውስጥ ከአንድ የበርገር ቤት የበሉ ሰዎች መታመም ጀመሩ። የጤና ሚኒስቴር በሰጠው መግለጫ የታመሙት 75 ደረሱ፣ አንድ ሰውም ሞተ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙም ነበሩ። መርማሪዎቹ ምንጩን ፈልገው ያገኙት ሥጋው ውስጥ ሳይሆን ማዮኔዙ ውስጥ ነው፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ። ማዮኔዙ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዘዘ።

ያን ሰሞን ብዙ እህቶች “እንዴት ነው ማዮኔዝ ሰው የሚገድለው? ሽታውም አልተለወጠም እኮ” ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ይህ ባክቴሪያ መጥፎ ሽታ ሳያመጣ መርዝ ሊሠራ ይችላል። መርዙ ነርቭን ይይዛል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዋጥና መናገር ያቅታል፣ ከዚያ ድካሙ ወደ ክንድና ወደ እግር ይወርዳል። ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚጀምረው ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ዘግይቶ የሚመጣበትም አለ። ይህን ምልክት በራስሽም ሆነ በቤቱ ሰው ላይ ካየሽ እስኪነጋ አይጠበቅም።

እኔ ወደ ሪያድ ከመምጣቴ በፊት ሦስት ዓመት የላብራቶሪ ሙያ ተምሬአለሁ። ከዚያ ዲፕሎማዬን ሻንጣ ውስጥ አድርጌ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ወለል ወልውያለሁ፣ የሰው ልጅ አሳድጌአለሁ። ብዙዎቻችሁም እንደኔ የተማራችሁትን ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁ የመጣችሁ ናችሁ። የምጽፍልሽ የተማርኩትንና በኩሽና ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

ባክቴሪያ የሚፈልገው

ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያን ለማየት ክብ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ እናዘጋጃለን፤ ከበሽተኛው የተወሰደውን ናሙና እንቀባበታለን፤ ከዚያ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ እናሳድራለን። ማታ ምንም ያልነበረበት ሳህን ጠዋት በነጫጭና በቢጫ ነጠብጣቦች ተሸፍኖ ይገኛል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ ናት። ምስጢሩ አከፋፈላቸው ነው። አንዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ሁኔታው ከተመቻቸው በየ20 ደቂቃው የሚከፈሉ አሉ። አንድ ባክቴሪያ በአንድ ሰዓት 8፣ በሦስት ሰዓት 512፣ በሰባት ሰዓት ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ምንም የሆነ አይመስልም። አደጋው የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው።

የሚፈልገው ከባድ ነገር አይደለም፤ ምግብ፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ። ከእነዚህ አንዱን ከከለከልሽው ይቆማል ወይም ይዘገያል። እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ስሙን አይጥሩት እንጂ። ቋንጣ የሚቆየው ውኃው ስለወጣለት ነው። ድርቆሽና በርበሬ ከአገር ቤት ተልኮልሽ ወራት የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርጥብ ማንኪያ ሽሮው ውስጥ ካስገባሽበት ግን የተከለከለውን ውኃ ሰጠሽው። የወተት ዕቃ በወይራ የሚታጠነውም ለመዓዛ ብቻ አይደለም፣ ጭሱ ባክቴሪያን ይጎዳል። እርጎና የእንጀራ ሊጥ ደግሞ ከሁሉም ይገርሙኛል። እርሾው ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ራሳቸው አሲድ ይሠራሉ፤ ጎምዛዛ ቦታ ብዙ በሽታ አምጪዎች አይመቻቸውም፣ ስለዚህ ሊጡ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። (እንጀራ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር ባክቴሪያ ሳይሆን ሻጋታ ነው። ሻጋታ ጉምዛዜን ይችላል። የሻገተውን ቆርጦ ሌላውን መብላት ደግሞ አይሆንም፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል።)

ሙቀቱን በተመለከተ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይራባሉ፤ በጣም የሚፈጥኑት በሰውነታችን ሙቀት አካባቢ ነው። አሁን ስለ ሪያድ አስቢ። በበጋ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዋናው ቤት በኤሲ ይቀዘቅዛል፤ በብዙ ቪላዎች ግን ከባዱ ምግብ የሚሠራው ግቢ ውስጥ ባለው ኩሽና ነው፣ እዚያ ኤሲ የለም ወይም ደካማ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በመብራት የምናሞቀውን ሳጥን ሪያድ በሐምሌ በነፃ ትሰጣለች። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ በተለመደው ሙቀት ከ2 ሰዓት፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ከ1 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

ብርድ አይገድልም። ፍሪጅ ባክቴሪያን ያዘገየዋል፣ ፍሪዘር ያስተኛዋል፤ የቀዘቀዘው ዶሮ ሲፈታ እሱም ይነቃል። ስለዚህ ዶሮ ማጠቢያው ላይ አድሮ አይፈታም፤ ከማታ ጀምሮ ፍሪጁ ውስጥ፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ውኃው ሰላጣ ላይ እንዳይንጠባጠብ ዝርግ ዕቃ ውስጥ አድርጊው።

አየር ስለማይወደው ስለዚያ የማዮኔዙ ባክቴሪያ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ነጭ ሽንኩርት ነው። እዚህ ቤት ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ በዘይት ሸፍኖ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ እኛም ለወጥ እናደርገዋለን። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ ሽንኩርቱ ጎምዛዛ አይደለም፣ ከአፈር የመጣ ዘር ሊኖርበት ይችላል። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ይቀመጥ፣ በአራት ቀን ውስጥ ይለቅ፤ ከዚያ በላይ የምታቆዪው ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ። ሁለተኛው ማር ነው። ማር ውስጥ ይህ ባክቴሪያ አይራባም፣ ስኳሩ ውኃውን ይዞበታል፤ ዘሩ ግን ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። እኔና አንቺ ብንበላው ሆዳችን ያሸንፈዋል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ሆዱ ገና ስለሆነ ዘሩ እዚያ ሊበቅልና መርዝ ሊሠራ ይችላል። ሕፃን የምትይዢ ከሆነ በጣትሽም ቢሆን ማር አታልሺው። አያቱ ልታልሰው ብትል ለእናትየው በቀስታ ንገሪያት፤ ውሳኔው የእሷ ነው።

ሩዝ፣ እና በመጨረሻ የሚበላው ሰው

ስለ ሥጋ ሁሉም ይጠነቀቃል። ስለ ሩዝ ግን ማንም አያስብም። በሪያድ ቤት በየቀኑ የሚበስለው ደግሞ ሩዝ ነው፤ ከብሳ፣ መንዲ፣ ነጭ ሩዝ።

ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ በደረቅ ሩዝ ላይ ዘር ሆኖ ይኖራል። ዘር ስል ራሱን በጠንካራ ልባስ ሸፍኖ የተኛ ማለቴ ነው። ሩዙ ሲፈላ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ይህ ግን ይተርፋል። እንዲያውም ሙቀቱ ይቀሰቅሰዋል። ሩዙ ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ተፎካካሪ የሌለበት፣ እርጥብ፣ ሞቃት፣ ምግብ የሞላበት ቤት ያገኛል። ይራባል፤ እየተራባም መርዝ ይሠራል። ይህ መርዝ ሙቀት አይፈራም። መልሰሽ ብታፈይው፣ በማይክሮዌቭ ብታሞቂው ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን እንዳለ ይቀራል። “አሙቄ በላሁት እኮ” የምትል እህት ለዚህ ነው ሌሊቱን ስታስመልስ የምታድረው።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እንድታስቢ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ዐዚማ ያለ ቀን ሩዙ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከእሳት ይወርዳል እንበል። እንግዶቹ 4 ሰዓት ላይ ይበላሉ። ቡናውና ሻዩ ቀጥሎ 7 ሰዓት ላይ ይሄዳሉ። አንቺ ትሪውን ታነሺያለሽ፣ ሳህን ታጥቢያለሽ፣ ከዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከተረፈው ትበያለሽ። ለእንግዶቹ ሩዙ ሁለት ሰዓት የቆየ ነበር። ለአንቺ ስድስት ሰዓት ቆይቷል። ከላይ የጻፍኩትን ቁጥር እይው፤ ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። በአንድ ትሪ በልተን እነሱ ደህና ሆነው እኛ የምንታመመው ሆዳችን ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ በመጨረሻ ስለምንበላ ነው። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ለፍጡር የተሠራው ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ለሱሑር ይነሣል፣ ወይም የእኛ እራት ይሆናል።

መፍትሔው ትሪው ሳይወጣ ድርሻሽን ማስቀረት ነው። ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፤ ስትበዪ እስኪያተን አሙቂው። ማዳም ከዚህ በፊት አስለምዳሽ ካልሆነ ቀድመሽ ጠይቂያት፤ ደብቀሽ ያስቀመጥሽ እንዳይመስል። አብዛኞቹ አይከለክሉም፣ ስላላሰቡት ነው። የሚከለክል ቤት ከሆነ ግን ሌሊት የቆየውን ሩዝና ሥጋ ትተሽ ዳቦ፣ ቴምር፣ እርጎ፣ ፍራፍሬ ብዪ። እነዚህ ደረቅ፣ ጣፋጭ ወይም ጎምዛዛ ናቸው፤ ባክቴሪያ በቶሎ አይራባባቸውም። እርጎው ግን ከፍሪጅ የወጣ ይሁን፤ ፍራፍሬውንም እጠቢው።

ለቤተሰቡ የተረፈውን ስታስቀምጪ ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ። ላዩ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ግን ለብዙ ሰዓት ለብ ብሎ ይቆያል። በዝርግ ዕቃ፣ ከአራት ጣት በማይበልጥ ውፍረት ዘርግተሽ አስገቢ። ሙቅ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል የሚባለውን እኔም እናቴ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ትንሽ ጠብቆ ማስገባት ይበቃል፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግን ለባክቴሪያው ጊዜ መስጠት ነው። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ውጭ ያደረ ከሆነ ደግሞ ለማዳም “ሩዝ ባራ ሚን አምስ፣ ኸርባን” በያት። ከትናንት ጀምሮ ውጭ ነበር፣ ተበላሽቷል ማለት ነው። አንቺ በራስሽ ከጣልሽው አባከነች ልትባዪ ትችያለሽ፤ እሷ ዓይታ ትወስን።

ሰዓት መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው። ቤቱ ውስጥ ሰው ሲያስመልሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የመጨረሻውን ምግብ የሠራችው ናት። ነገር ግን ሁሉም መርዝ በአንድ ጊዜ አይታይም። የሩዙ መርዝ የሚያስመልሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው፣ ከዶሮና ከእንቁላል ጋር የሚመጣው፣ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ዛሬ ተቅማጥ ያዘው ማለት ዛሬ የበላው ጎዳው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ከትናንት ወዲያ ከውጭ የመጣውም ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሙ ያውቀዋል። አንቺ ደግሞ ምን መቼ እንደተሠራ ጽፈሽ ካለሽ የምትናገሪው ነገር አለሽ።

እጅሽ ላይ ቁስል ወይም መግል ያለበት ነገር ካለም አትሽፋፍኝው፤ በፕላስተር አሽገሽ ጓንት አድርጊበት። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከቁስልና ከአፍንጫ ወደ ምግብ ይገባል፣ ጨውን ይችላል፣ መርዙም እንደ ሩዙ ባክቴሪያ መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ክሎሮክስና ሌሎቹ

በአገራችን በረኪና የምንለው እዚህ ክሎሮክስ ነው። ባክቴሪያን በደንብ ይገድላል። ግን ብዙ መጨመር የተሻለ ይገድላል ማለት አይደለም፤ የሚጎዳው ሳንባሽንና እጅሽን ነው። የታጠበ ወለል ወይም መጸዳጃ ለማጽዳት ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 4 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ጠርሙሱ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ የጠርሙሱን ተከተዪ፣ ጥንካሬው ይለያያልና። ሙቅ ውኃ አትጠቀሚ፣ ኃይሉን ያጠፋዋል፣ ሽታውንም ወደ አፍንጫሽ ይልከዋል። ቅባትና ቆሻሻ ላይ ካፈሰስሽው ደግሞ ቆሻሻውን ሲታገል ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በሳሙና ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ክሎሮክሱን ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መተው ነው። ወዲያው ከተጠረገ የሚገድልበት ጊዜ አያገኝም። ዴቶልም እንዲሁ ነው፤ ጠብታ ዴቶል ባልዲ ውስጥ ጨምሮ ቤቱ እንዲሸት ማድረግ ባክቴሪያ አይገድልም። ሳሙና ራሱ ብዙውን ጊዜ አይገድልም፤ ከእጅ ላይ አላቆ በውኃ ይወስደዋል፤ ለእጅ ይኸው ይበቃል፣ 20 ሰከንድ ያህል ካሸሽው።

ከሁሉም በላይ ግን፦ ክሎሮክስን ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅዪ። ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ። ብዙ ቤት መታጠቢያ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መስኮት የለውም። ሁለቱን ጨምራ “ይበልጥ ይንጻ” ያለች እህት ደረቷ ተዘግቶ ስትወጣ ዓይቻለሁ። ማዳም ቀላቅዪ ብትልሽም በአንድ ቀን አንዱን፣ በሌላ ቀን ሌላውን አድርጊው። ዓይንሽን ካቃጠለሽና ካሳለሽ ወዲያው ጥለሽ ወደ ንጹሕ አየር ውጪ፣ ለማጠብ ብለሽ አትመለሺ። የትንፋሽ ማጠር ካልተወሽ ሐኪም ያስፈልግሻል።

የማድቤት ስፖንጅ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ ይልቅ ባክቴሪያ የሚበዛበት ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ነው፣ የምግብ ትራፊ አለበት፣ ሞቃት ቦታ ይቀመጣል። ጨምቀሽ አድርቂው፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሪው። የዶሮና የሰላጣ መክተፊያ ይለያይ። ዶሮን በቧንቧ ውኃ ማጠብ ባክቴሪያውን ማጠቢያውና አጠገቡ ያለው ሳህን ላይ ይረጨዋል፤ የሚገድለው ማብሰሉ ነው። ግን ስንቱን ማዳም አሳምነሽ ትችያለሽ? የግድ ካሉሽ ውኃውን በቀስታ አውርጂ፣ ከዚያ ማጠቢያውን በክሎሮክስ አጽጂ።

በሻንጣ የመጣው አሞክሳሲሊን

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ከአገር ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ ከበርበሬው ጎን አሞክሳሲሊን የማይገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስንም ሁላችንም ከልጅነት እናውቀዋለን። ዱቄቱ ለመዋጥ እንጂ ለቁስል የተሠራ አይደለም፤ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይሻላል።

እነዚህ መድኃኒቶች አንቲባዮቲክ ይባላሉ። የመጀመሪያው ታዋቂው ፔኒሲሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን በሚገኘው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ባክቴሪያ ያበቀለበት ሳህን ላይ ሻጋታ ገብቶበት አገኘ፤ በሻጋታው ዙሪያ ያለው ባክቴሪያ ጠፍቶ ነበር። ይኸው ሰው በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰዎች መድኃኒቱን በማይበቃ መጠን ከወሰዱ ባክቴሪያው ይለምደዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በትምህርት ላይ ነው። ባክቴሪያ የተቀባበት ሳህን ላይ የተለያየ መድኃኒት የተነከረባቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥና እናሳድራለን። ጠዋት አንዳንዱ ወረቀት ዙሪያውን ባዶ ቀለበት ሠርቶ ይገኛል፤ መድኃኒቱ እዚያ ድረስ ገድሏል ማለት ነው። አንዳንዱ ወረቀት ግን ባክቴሪያው እስከ ጠርዙ ድረስ በቅሎበት ይገኛል፤ መድኃኒቱ ለዚያ ባክቴሪያ ውኃ ሆኗል ማለት ነው። ያን ባክቴሪያ የያዘ ሰው ያንን መድኃኒት ቢውጥ ምንም አይጠቅመውም። ይህ የሚሆነው ከሚሊዮኖቹ መካከል ጥቂቶቹ በተፈጥሮ ለውጥ መድኃኒቱን የሚችሉ ሆነው ስለሚገኙ ነው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ይገድልና ቦታውን ለብርቱዎቹ ያስለቅቅላቸዋል። መድኃኒቱን ያለ ቦታው በወሰድን ቁጥርም ለብርቱዎቹ መንገድ እንከፍታለን። በ2019 ብቻ በዓለም ላይ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

ሳዑዲ አረቢያ ከ2018 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ እንዳይሸጥ ሕጉን አጥብቃ ታስከብራለች። ሰይደሊያ ሄደሽ “አንቲባዮቲክ” ስትዪ ወረቀት የሚጠይቁሽ አንቺን ንቀው አይደለም፤ ለባላገሩም እንዲሁ ነው። እኛን የሚጎዳን ሐኪም ጋ ለመሄድ ፈቃድና የሚወስድ ሰው ስለሚያስፈልገን ነው። ስለዚህ ከጎረቤት እህት ሦስት ካፕሱል ተበድረን እንውጣለን። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። በ2012 በዚሁ አገር የታወቀው፣ ከግመል ጋር የሚያያዘው መርስ እንኳ ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይሰማውም። ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ሦስት ካፕሱል አይበቃውም።

ሁለት በሽታ ግን በባክቴሪያ የሚመጡ ስለሆኑና እኛን ስለሚያገኙን ለይቼ ልንገርሽ።

አንዱ የሽንት መንገድ ኢንፌክሽን ነው። ውኃ ሳንጠጣ እንውላለን፣ ሥራ እስኪያልቅ ሽንት እንይዛለን። ፊኛ ውስጥ የቆየ ሽንት ለባክቴሪያ ሞቃት ማሰሮ ነው፤ ብዙ ጠጥቶ ቶሎ ቶሎ መሽናት ሳይበዙ ጠርጎ ያወጣቸዋል። ሲያቃጥልሽ፣ ሲያጣድፍሽ፣ ሽንቱ ሲደፈርስ አትፈሪ፣ ለማዳም ንገሪያት፤ “ሐርቃን በውል” ማለት ሽንት ያቃጥለኛል ነው። ሴት ናትና ይገባታል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ሕመም ከተጨመረበት ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ነገ አይባልም።

ሌላው ብሩሴላ ነው፤ እዚህ “ሁማ ማልጢያ” ይሉታል። ያልፈላ የግመል፣ የፍየል ወይም የበግ ወተት ያመጣዋል። ቤተሰቡ ዓርብና ቅዳሜ በረሃ ወጥቶ ከግመል ጠባቂዎች ትኩስ ወተት ሲያመጣ ለእኛም ይሰጡናል። መጠጣት የለብሽም ማለቴ አይደለም፤ አፍልተሽ ጠጪ። ከፈላ ባክቴሪያው ይሞታል። በሽታው ከሳምንታት በኋላም ሊጀምር ይችላል፤ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ሌሊት ያልባል፣ ወገብና መገጣጠሚያ ያማል፣ ሰውነት ይዝላል። “ሰነፈች” የሚባልብሽ ድካም ይህ ሊሆን ይችላል። የሚታከመው ቢያንስ ሁለት መድኃኒት አብሮ ለስድስት ሳምንት ያህል በመውሰድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደህና ትሆኛለሽ፣ ትተዪው ዘንድም ይፈትንሻል፤ ባክቴሪያው ግን ሴሎችሽ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ቀኑ ሳይሞላ ካቋረጥሽ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ የጻፈውን ቀን ቁጥር ካላንደር ላይ ምልክት እያደረግሽ ጨርሺ።

መድኃኒት በታዘዘልሽ ጊዜ እርጉዝ ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት መድኃኒት አሳክኮሽ ወይም ፊትሽን አሳብጦሽ የሚያውቅ ከሆነ ሳታፍሪ ተናገሪ። ልጆቹ የሚሰጣቸው በውኃ የሚበጠበጥ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፉት ቀናት በላይ አይቆይም። ለሚቀጥለው ጊዜ ተብሎ የተቀመጠ ሽሮፕ ካየሽ ለእናትየው አሳዪያት።

ሕመም ሲጠናብሽ “አብጋ አሩህ ሙስተሽፋ” በዪ፣ ሆስፒታል መሄድ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ትኩሳት ካለሽ “ዒንዲ ሐራራ”። የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው፤ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ የማያቋርጥ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወይም መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት የዓይን ቆብ መውደቅና የመዋጥ ችግር ካለ ለ997 ይደወላል። ሲደወል ያለሽበትን ቦታ ይጠይቁሻል። ስለዚህ የሰፈሩን ስም፣ የመንገዱን ስምና በሩ ላይ ያለውን የቤት ቁጥር ዛሬ ስልክሽ ላይ በዐረብኛ አስጽፈሽ አስቀምጪ፤ ስልክ የማይፈቀድልሽ ከሆነ በወረቀት ጽፈሽ ከኢቃማሽ ቅጂ ጋር ያዢው።